አባቴ እጁን ያወጣ ቀን

ይህን ጽሑፍ አባቴ በሕይወት እያለ ልጽፈው አልደፈርኩም። አሁን ግን ነገሩን የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። አብሯቸው አፈር እንዲገባ አልፈልግም።

የሆነው በ1989 ዓ.ም በጋ ላይ ነው። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ብዙም የማይርቅ የደጋ ቀበሌ ነው። ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ወይም ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ጎን ለጎን ያርሳሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ልጅ ለልጅ ይጋባሉ። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ። ስብሰባው ከብት ከምናሰማራበት መስክ ዳር ስለነበር ከነጥጆቼ ቆሜ አየሁት። አባቴ የገዛ አበልጁ፣ የእኔ የክርስትና አባት፣ መሬታቸው እንዲቀነስ እጁን አውጥቶ ደገፈ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የእንግዳ እግር የሚያጥብ፣ የሰው ከብት ገደል ቢገባ ሌሊት ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ነበር። አበልጁን ደግሞ ይወዳቸው ነበር። ታዲያ እጁ እንዴት ወጣ? ይህ ጥያቄ ለዓመታት አልለቀቀኝም። ወደ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር የዚያን ቀን ሰዎች ጠይቄአለሁ፤ ቡና ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ላይ። የነገሩኝን እንዳለ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ስለ ድልድሉ። በ1989 ዓ.ም የአማራ ክልል የገጠር መሬት እንደገና እንዲደለደል አዋጅ አወጣ፤ ሥራውም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በስፋት ተካሄደ። መነሻው እውነተኛ ችግር ነበር። ጎልማሳ ሆኖ ሚስት አግብቶ አንድ ጥማድ የሌለው ወጣት ሞልቶ ነበር። ባሏ ሞቶ ወይም ተፋትታ ማሳዋ በወንድሞቹ እጅ የቀረባት ሴት ነበረች። ከጦር ሜዳ ተመልሶ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያርስ ነበር። እነዚህ ሰዎች መሬት ማግኘት ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም አገኙ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ለእውነቱ አልታመንኩም።

ግን በዚያ ድልድል የተለካው መሬት ብቻ አይደለም፤ ሰውም ተለክቷል። በንጉሡ ዘመን ባለርስትና ባለሥልጣን የነበረ ቤተሰብ «ቅሪት ፊውዳል» ተባለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበረው ሰው «ቢሮክራት» ተባለ። እነዚህ ሁለቱ ከ4 ጥማድ በላይ፣ ማለትም ከ1 ሔክታር በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 12 ጥማድ፣ 3 ሔክታር ነበር። ልዩነቱ በአንድ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእኛ አገር ሰው አፍ ላይ ቃሉ «ቢሮክራሲ» ሆኖ ቀረ። «እሱ እኮ ቢሮክራሲ ነው» ይባል ነበር፤ ሰውን።

የደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹሞችን ንጹሕ ናቸው ብዬ አልከራከርም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ መሬቱን ከባላባቱ ነጥቆ ለአራሹ ሲሰጥ፣ ማን የቱን ማሳ ይውሰድ የሚለውን የወሰኑት እነሱ ነበሩ። ለም የሆነው፣ ውኃ የሚጠጋው፣ ለቤት የቀረበው ማሳ እጃቸው የገባ ነበሩ። የእህል ኮታ የሚጥሉት እነሱ ነበሩ። ከ1975 ዓ.ም ወዲህ ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የማን ልጅ እንደሚሄድ ዝርዝር የሚያዘጋጁትም እነሱ ነበሩ። ልጇ በዚያ ዝርዝር ሄዶ ያልተመለሰላት እናት ቂም ብትይዝ ማን ይፈርድባታል? በ1989 እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ተገዶ ነው ያወጣው ማለት ውሸት ነው። ከልቡ ያወጣ ነበረ።

የክርስትና አባቴ ግን ከእነዚያ አልነበሩም። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ተምረው ስለነበር ፊደል ያውቃሉ። ቀበሌው ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው ሲፈለግ «አንተ ትሻላለህ» ተብለው ሦስት ዓመት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኑ። ያጋበሱት ማሳ የለም፤ ይህን ሲቃወሟቸው የነበሩትም መስክረውልኛል። የነበራቸው 9 ጥማድ ነበር፤ ባለሰባት ቤተሰብ ናቸው። ስሙ ግን ሊቀመንበርና ጸሐፊ፣ የበላና ያልበላ አይለይም። ሹመት ነበረው ወይ? ነበረው። በቃ።

አሁን ወደ ስብሰባው ልግባ። እኛ ልጆች ያየነው የመጨረሻውን ቀን ነው። ሥራው ግን ያለቀው ከዚያ በፊት ነበር።

ከሳምንታት በፊት ጀምሮ የተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት ስብሰባ ይደረግ ነበር። መሬት የሌላቸው፣ ወጣቶች፣ ጥቂት ሴቶች። «ጭቁን» የሚባሉት ናቸው። ስማቸው ሊወጣ የሚችለው አልተጠሩም። አባቴን የመሰሉ መሐል ላይ ያሉ ሰዎችም አልተጠሩም። በእነዚያ ቀናት መንደሩ ምን እንደ ሆነ አስታውሳለሁ። ሰው በሩን ቀድሞ ይዘጋ ጀመር። ጠላ ቤት የሚጫወት ጠፋ። እናቴ ውኃ ስትቀዳ የሰማችውን ለአባቴ በጆሮው ትነግረዋለች። ማን እንደሚጠራ፣ ማን እንደማይጠራ፣ ያልተጠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ። ማንም ማንንም አልመታም። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ያለመጠራት ብቻ ሰውን አሳነሰው።

በስብሰባው ቀን አቀማመጡም የራሱ ሥራ ነበረው። ጎጃም ውስጥ ሰው ሲሰበሰብ አቀማመጡ የታወቀ ነው፤ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጥላው ሥር፣ ወጣት ከኋላ፣ ሴቶች ዳር። ያን ቀን ተገለበጠ። ጭቁኖቹ ከፊት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ሰማንያ የሞላቸው መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ራሳቸውን ሸፍነው አይቻቸዋለሁ። ካድሬዎቹና ኮሚቴው ጠረጴዛ ነበራቸው። እዚያ መስክ ላይ ጠረጴዛ ታይቶ አያውቅም።

ስም ይነበባል። የነበረው ሹመት ይነገራል። «ተቃውሞ ያለው?» ይባላል። ዝም። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ።» ከፊት ያሉት ያወጣሉ፤ ከኋላ ያሉት የፊቶቹን እጅ ያያሉ፤ ከዚያ ያወጣሉ። አራት ስም እንዲህ ሄደ። የክርስትና አባቴ አምስተኛ ነበሩ።

አባቴ ስለዚያች ቅጽበት ያወራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ አለኝ፦ «ስማቸው ሲጠራ ዘወር አልኩና ሰዉን አየሁ። አንድ ሰው ዝም ቢል እኔም ዝም እላለሁ ብዬ ነበር። ሁሉም አወጣ። ያኔ አንድ ነገር መጣብኝ፤ እኔ ብቻ ባላወጣ ቀጥሎ የሚጠራው የማን ስም ነው?» ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። «ንክኪ» የሚባል ነገር ነበር። ከሹሙ ጋር የተነካካ፣ አብሮ የበላ፣ ዘመድ የሆነ ሊጠረጠር ይችላል። አበልጅነት ደግሞ ከሥጋ ዝምድና አያንስም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ። በኋላ ከጠየቅኳቸው ሰዎች መካከል ስምንቱ ከአባቴ ጋር መሐል ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ስምንቱም ለየብቻ የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «እሳቸው አይገባቸውም ነበር። ግን ሁሉም ሲያወጣ አየሁ።» እያንዳንዱ ሌላው ከልቡ የደገፈ መስሎታል። እያንዳንዱ የሚቃወመው እሱ ብቻ መስሎታል። አባቴ የነሱን እጅ አይቶ አወጣ፤ እነሱም የአባቴን እጅ አይተው። ከተነሡት እጆች መካከል ስንቱ የራሱ ፈቃድ ነበር?

ሰለሞን አሽ የሚባል ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በ1950ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስቦ ቀላል ነገር ጠየቀ፤ ከሦስት መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? መልሱ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው። ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ከአሽ ጋር ተመካክረው ሆን ብለው ስህተት የሚመልሱ ነበሩ። ያ ያላወቀው ተማሪ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል፣ ከመቶ 37 ገደማ፣ የብዙኃኑን ስህተት ደገመ። ይህ ሁሉ የሚያጣው መሬት፣ የሚፈራው ስም በሌለበት ነው። የአባቴ መስክ ላይ ስንት ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ግኝቱ ነው። አሽ ከተመካከሩት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲያደርግ ያ ስህተት ከነበረው ወደ ሩቡ ያህል ወረደ። አንድ ሰው በቂ ነበር። መልሱን ድምፅ አውጥቶ ሳይሆን ጽፎ እንዲሰጥ ሲደረግም ስህተቱ በጣም ቀነሰ።

ይህ የያዘኝ እኛም መስክ ላይ አንድ ሰው ስለነበር ነው። አንዲት ባልቴት። አረቄ አውጥተው የሚሸጡ፣ ሰው ከቁብ የማይቆጥራቸው ሴት ናቸው። የክርስትና አባቴ ስም ተነቦ እጅ ሁሉ ከወጣ በኋላ ተነሡና «ይህ ሰው የማንን በላ?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። አንዱ ካድሬ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ነገሩ አልፏል» አላቸው። ተቀመጡ። ውሳኔው አልተለወጠም፤ 5 ጥማድ ተቆረጠ። ግን ስድስተኛው ስም ሲነበብ መሐል ላይ ያሉት ብዙዎቹ እጃቸውን አላወጡም። ሰባተኛው ላይ «ይጣራ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ያ ሰው ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ በኋላም ከዝርዝሩ ወጣ። ይህን አባቴም፣ ሌሎቹም፣ በኮሚቴ የነበረ ሰውም ነግሮኛል። ባልቴቷ የክርስትና አባቴን ማሳ አላዳኑም፤ የሌላ ሰው ማሳ ግን አዳኑ።

በ2003 ዓ.ም ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። «እንዴት ደፈሩ?» የመለሱልኝን አልጠበቅኩም። «ዓይኔ ሞራ ነበረበት ልጄ። ማን እንዳወጣ ማን እንዳላወጣ አላየሁም። ሰው ሁሉ ዝም ያለ መስሎኝ፣ እኔ ልናገር አልኩ።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ጀግና ፍለጋ ነበር የሄድኩት። ሳስበው ግን አላሳነሳቸውም። ሰው ሁሉ ዝም ሲል የሚናገር ሰው ስንት አለ? ደግሞ ጽፎ የመለሰውን የአሽን ተማሪ አስታወሱኝ። የሌላውን እጅ ያላየ ሰው የራሱን ልብ ይሰማል።

ከስብሰባው በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። የክርስትና አባቴ በወር በ12 የሚጠጣው የሚካኤል ማኅበር አባል ነበሩ። ማንም ውጡ አላላቸውም። ግን ተራቸው ደርሶ ሲደግሱ ከሃያ አራቱ ማኅበርተኛ የመጣው ዘጠኝ ነው። በወንፈል የሚያጋጥማቸው ጠፋ። ሰላምታ አጠረ፤ «እንደምን አደሩ» ብሎ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን የሚጠይቅ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፍ ጀመር። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዘም። እያንዳንዱ ሌላው እንዳያየው ብሎ ነው።

እኔም አለሁበት። ልጃቸው የእኔ እኩያ ነበር፤ ከብት አብረን ነበር የምናሰማራው። አንድ ቀን በገና ጨዋታ ተጣላንና «የቢሮክራሲ ልጅ» አልኩት። ሌሎቹ ልጆች ተቀበሉኝና በዜማ አደረጉት። የቃሉን ትርጉም አላውቅም ነበር። የሚያሳንስ መሆኑን ግን አውቄአለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ መስክ ያሰማራ ጀመር። ይቅርታ የጠየቅኩት ሁለታችንም ልጅ ከወለድን በኋላ ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ሰው ደግሞ ልንገራችሁ። የኮሚቴው አባል የነበረ፣ ከዚያ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ሰው ቤት እየተቀጠረ ያረሰ። መንደሩ ሁሉ ከነልጆቹ «አንተ» ይለው ነበር። ኮሚቴ በሆነ በወሩ «አንቱ» ሆነ። አካሄዱ ተለወጠ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ዱላ መያዝ ጀመረ። ሠርግ ላይ መደብ ይለቀቅለት ነበር። ሰዎች «ሹመት አሰከረው» ይላሉ፤ እኔ ግን እሱ ብቻ የተለወጠ አይመስለኝም። መደቡን የለቀቁለት እነማን ናቸው? «አንቱ» ያሉት እነማን ናቸው? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኮሚቴ ሲወርድ በአንድ ሳምንት ወደ «አንተ» መለሱት። እሱ ራሱ እንዲህ አለኝ፦ «ያኔ ሰው ሲያየኝ ጀርባዬ በራሱ ቀጥ ይል ነበር። ሲተውኝ ጎበጥኩ።» ይህ ሰው 4 ጥማድ አግኝቶ ልጆቹን አስተምሯል። ያንን ማሳ ማንም እንዲነጥቀው አልመኝም።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው «ገበሬ ምን ያድርግ፣ እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ነው» ይለኛል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውንም ይጠቅሱልኛል። አልቀበለውም። ይኸው የጎጃም ገበሬ አይደለም ወይ በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በዳሞት የተነሣው? መሬቱ ሊለካ ነው፣ ርስቱ ሊሄድ ነው ብሎ ግብር አስከፋዮቹን አላስገባም አለ። ወታደር ተላከበት፣ አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ቀረ። አያቴ እዚያ ውስጥ ነበር። የእሱ ልጅ ነው ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መስክ ላይ እጁን ያወጣው።

ደሙ ቀዝቅዞ ነው? አይደለም። በ1989ም ቢሆን አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘው የጎጃም ገበሬ ብዙ ነበር። እንደ እኔ እምነት ልዩነቱ ስብሰባውን የጠራው ማን ነው የሚለው ነው። በ1960 ሰዉ ራሱ ተጠራርቶ ነው የተገናኘው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ። አንዱ የሌላውን ልብ ያውቅ ነበር፤ ባዕድ የሆነው ከውጭ የመጣው ለኪ ነበር። በ1989 ግን ሰዉ ከመገናኘቱ በፊት ተከፋፍሏል። የሚጠራና የማይጠራ፣ የሚያገኝና የሚያጣ፣ ፊት የሚቀመጥና ፀሐይ ላይ የሚቀር። የአንዱ 5 ጥማድ ሲቆረጥ የሚደርሰው ለጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ እዚያው እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ፣ በአደባባይ፣ ባለቤቱ እያየ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ እምቢ ማለት ከአውሮፕላን ይልቅ የሚከብደው ሰው አለ። አባቴ አንዱ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የክርስትና አባቴ አንዱ በሬ ሞተ። አጣማጅ የሚሰጣቸው አልተገኘም። አንድ ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ አባቴ ቀሰቀሰኝ። በሬዎቹን ፈታን፣ ሞፈርና ቀንበሩን እሱ ተሸከመ፣ እኔ ጅራፉን ያዝኩ። የሄድንበት ማሳ የእኛ አልነበረም። በጨለማ፣ በጨረቃ ብቻ፣ ድምፅ ሳያሰማ አረሰ፤ አባቴ በሬ ሲነዳ የማይዘፍንበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ሰማዩ ሲቀላ ፈታና «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ሦስት ሌሊት እንዲህ አደረግን። በሁለተኛው ሌሊት ማሳው ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ በቅጠል የተከደነ አንድ ቅል ጠላና ዳቦ ተቀምጦ አገኘን። አባቴ ቁሞ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ግማሹን ዳቦ ለእኔ ቆረሰልኝ።